ሀርድ ዲስካችሁ ከመሞቱ በፊት፦ የባክአፕ አያያዝ ከሀ እስከ ፐ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። አንድ ቀን ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍተው «ሀርድ ዲስክ የሚባል ነገር አላየሁም» አለኝ። ብዙም አልደነገጥኩም። ከሁለት ሳምንት በፊት ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነበር። ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። «ፎቶ» የሚለው አለ። «ሥራ» የሚለውም አለ። እፎይ አልኩ። ከዚያ «ፎቶ» የሚለውን ሁለቴ ጠቅ ሳደርገው ኮምፒውተሩ ፎልደሩን አጣሁት አለ። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ከምስሉ ግርጌ በስተግራ ትንሽዬ ጠማማ ቀስት አለች። መጠኑ 2 ኪሎባይት። ለካ የገለበጥኩት ፎልደሩን ሳይሆን ወደ እሱ የሚመራውን ሾርትከት ኖሯል። ቤቱ ተቃጥሎ እጄ ላይ የቀረው አድራሻው ነበር።

የአምስት ዓመት ፎቶ በዚያው ቀረ። ከታች ያለው ከዚያ ቀን ወዲህ ባክአፕ (የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ) የምይዝበት አካሄድ ነው። የማይሞት ሀርድ ዲስክ የለም፤ ስለዚህ እሱን መፈለግ ትቻለሁ። የምፈልገው፣ ዲስኩ ሲሞት ኪሳራው የአንድ ከሰዓት ልፋት ብቻ እንዲሆን ነው።

ውስጡ ምን አለ?

የተለመደው ሀርድ ዲስክ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ክብ ሳህኖች አሉ። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ከሳህኑ በላይ የሚያነብና የሚጽፍ ጭንቅላት አለ። ሳህኑን አይነካውም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው አየር ላይ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት ደግሞ በአስር ሺዎች ናኖሜትር ይቆጠራል። እንግዲህ ላፕቶፑ በርቶ ሳለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ገምቱት። ጭንቅላቱ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። የተፋቀው ቦታ ላይ የነበረው ፋይል አይመለስም። ብናኙ ደግሞ ደህናውን ቦታ እየዞረ ይቧጥጠዋል።

ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም። መውደቅ ብዙ አያስፈራውም። እሱን የሚያስረጀው መጻፍ ነው። መረጃ የሚይዙት ሴሎች በተጻፈባቸው ቁጥር ይደክማሉ። አምራቾች ይህንን ዕድሜ በቴራባይት ያስቀምጡታል። ለምሳሌ 600 ቴራባይት ይጻፍበታል የተባለ ኤስኤስዲ ላይ በየቀኑ 50 ጊጋባይት ብትጽፉ እንኳ ከ30 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ለተራ ተጠቃሚ ይህ ብዙም አያሳስብም። የኤስኤስዲ ክፋቱ ሌላ ነው። ሲሞት ብዙ ጊዜ አያስጠነቅቅም። ማታ በሰላም ዘግታችሁት ጠዋት የለም። በስህተት የሰረዛችሁትን ፋይል መመለስም ከባድ ነው፤ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ብዙ ሳይቆይ ያጸዳዋል።

የትኛውን ብራንድ ልግዛ?

ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከመጠን በላይ ትኩረት የተሰጠው ይመስለኛል።

ባክብሌዝ የሚባል የባክአፕ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ በማዕከሎቹ የሚሠሩትን ሀርድ ዲስኮች መረጃ እየሰበሰበ ይፋ ያወጣል። ዲስኮቹ ዛሬ በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። በቅርብ ዓመታት በዓመት ውስጥ የሚበላሹት ከመቶ ከ1 እስከ 2 ገደማ ናቸው። ከዝርዝሩ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የአንድ አምራች አንዱ ሞዴል ዓመታትን ሳይንገራገጭ ያልፋል፤ የዚያው አምራች ሌላ ሞዴል ደግሞ እንደ ዝንብ ይረግፋል። ስም ብቻ አይቶ መግዛት ብዙ አያዋጣም።

በዓመት 1.5 ከመቶ ትንሽ ይመስላል። በአምስት ዓመት ግን ወደ 7 ከመቶ ይጠጋል። ያውም እነዚያ ዲስኮች ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ የሚሠሩ ናቸው። የእናንተ ግን ቦርሳ ውስጥ ሲላጋ ነው የሚውለው።

ዕቃው ላይ «1 ሚሊዮን ሰዓት» የሚል ነገር ካያችሁም አትታለሉ። ሲያካፍሉት 114 ዓመት ይመጣል። ይሄ ማለት ግን የእናንተ ዲስክ 114 ዓመት ይኖራል ማለት አይደለም። አንድ ሺህ ዲስክ ለአንድ ዓመት ያለማቋረጥ ቢሠራ ዘጠኝ ገደማው ይሞታል ማለት ነው። የእናንተ ከዘጠኙ አንዱ ይሁን አይሁን ማንም አይነግራችሁም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። በጣም ውዱን አንድ ዲስክ ከምትገዙ፣ መካከለኛውን ሁለት ግዙ።

አንደኛ፦ የዲስኩን ጤና እዩ

ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ ነው፤ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ዲስኮች ስለራሳቸው የሚመዘግቡት ስማርት የሚባል መዝገብ አላቸው። ዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኑና ክፈቱት። ሊኑክስ ላይ ኖም ዲስክስ ይበቃል። ማክ ላይ ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጡ ያለውን ዲስክ ደህና መሆን አለመሆኑን ብቻ ይነግራችኋል፤ ዝርዝር አያወጣም።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ከላይ በትልቁ «ጉድ» ካለ ሰማያዊ ነው፣ «ኮሽን» ካለ ቢጫ፣ «ባድ» ካለ ቀይ። እዚያ ላይ ግን አትቁሙ። ከታች ያለው ሰንጠረዥ ነው ቁም ነገሩ። ቁጥሮቹ በኮምፒውተር ቋንቋ ስለሚጻፉ መጀመሪያ ግራ ያጋባሉ። ፋንክሽን፣ ከዚያ አድቫንስድ ፊቸር፣ ከዚያ ሮው ቫልዩስ ውስጥ ገብታችሁ 10 የሚለውን ምረጡ። ቁጥሩ እኛ ወደለመድነው ይቀየራል።

አሁን ሦስት መስመር ፈልጉ። 5 ቁጥር፣ ዲስኩ «ይሄ ቦታ ተበላሽቷል» ብሎ በመጠባበቂያ የተካው ቦታ ብዛት ነው። 197 ደግሞ ማንበብ አቅቶት ገና ያልወሰነበት ነው። 198 ጭራሽ ተስፋ የቆረጠበት። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ሁለቱ ሲ5 እና ሲ6 ተብለው ነው የሚታዩት፤ እንዳትፈልጓቸው ስትደክሙ። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ እሰየው። 5 ቁጥር ላይ ጥቂት ኖሮ ለወራት ካልጨመረ ዲስኩ ሊቆይ ይችላል፤ ቁጥሩን ጻፉትና በሳምንቱ ተመልሳችሁ እዩ። እየጨመረ ከሄደ ወይም 197 ላይ ቁጥር ከመጣ ነገ አትበሉ። ዛሬውኑ ገልብጡ።

199 ቁጥር (እዚያው ላይ ሲ7) ላይ ብዙ ካያችሁ ግን አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ኬብሉን ነቅሎ መሰካት ወይም መቀየር ያቆመዋል። የቆየው ቁጥር ግን አይጠፋም፤ ዋናው አለመጨመሩ ነው።

አዲሶቹ ኤስኤስዲዎች ሌላ ዝርዝር ነው ያላቸው። እዚያ «ፐርሰንቴጅ ዩዝድ» የሚለውን እዩ፤ ከዕድሜው ስንት ከመቶ እንደተበላ ይነግራል።

ስማርትን ምን ያህል እንመነው? እ.ኤ.አ. በ2007 የጉግል መሐንዲሶች ከ100 ሺህ በላይ ሀርድ ዲስኮችን አጥንተው ነበር። ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ የመጀመሪያው ስህተት ከተገኘበት በኋላ በ60 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስህተት ካልተገኘበት በ39 እጥፍ ይበልጣል። በሌላ በኩል ከሞቱት ውስጥ ከግማሽ በላዮቹ ዋና ዋናዎቹ የስማርት ምልክቶች ላይ ምንም ሳያሳዩ ነው የሄዱት። ስለዚህ ስማርት «ታምሜያለሁ» ካለ እመኑት። «ደህና ነኝ» ካለ በግማሽ ልብ ስሙት።

ዲስኩ እየጮኸ ከሆነ

ይህን ክፍል ቸግሮት የመጣ ሰው ስለሚኖር ወደ ፊት አምጥቼዋለሁ።

ዲስኩ በየሁለት ሰከንዱ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» የሚል ድምፅ ካወጣ ጭንቅላቱ ቦታውን እየፈለገ ሊያገኝ አልቻለም ማለት ነው። አጥፉት። እንደገና ሰክቶ መሞከር፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማየት፣ መታ መታ ማድረግ የለም። እያንዳንዱ ሙከራ ሳህኑን የበለጠ ሊቧጥጠው ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት የሚላችሁም አይጠፋም። እርጥበት ሳህኑ ላይ ይጨመርበታል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ያለው ፋይል ቢጠፋ በእርግጥ የሚያሳዝን ከሆነ ንጹሕ ክፍል ያለው የመረጃ መልሶ ማግኛ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ዋጋው እንደሚያስደነግጥ ቀድማችሁ እወቁ።

ድምፅ ሳይኖረው ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ኮፒ መሀል ላይ ስታክ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ገና ጊዜ አላችሁ። ትንሹንና ውዱን አስቀድሙ። ሰነዶች ቀድመው ይውጡ፣ ከዚያ ፎቶ፣ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ። አንድ ፋይል አልገለበጥ ካለ ዝለሉትና ቀጥሉ። የዊንዶውስን ዲስክ መጠገኛ «ቼክ ዲስክ» መጀመሪያ ላይ እንዳታስነሱት። የታመመ ዲስክ ላይ ለሰዓታት ያስሮጠዋል፤ አንዳንዴም የቀረውን ያጨራርሰዋል። ከገለበጣችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

ሁለተኛ፦ ምን እንዳላችሁ ቁጠሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ዊንዶውስም ሆነ ሶፍትዌር እንደገና ይጫናል፤ ፊልምም እንደገና ይወርዳል። የእናንተ ብቻ የሆነውን ጻፉ። ብዙ ሰው «ዶክዩመንትስ» እና «ፒክቸርስ» ብሎ ያቆማል። የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦ «ዳውንሎድስ» ውስጥ የተጠራቀመው፣ የቴሌግራም ፋይሎች የሚገቡበት ፎልደር፣ የብራውዘር ቡክማርክና የተቀመጡ ፓስዎርዶች፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ ኢሜይል፣ እንዲሁም የሒሳብ ወይም የንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ዳታቤዝ። የመጨረሻው ክፉ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ማንም በማይገባበት የሲ ድራይቭ ጥግ ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ «ባክአፕ» የሚል ቁልፍ ካለው በዚያ አውጡት። ሶፍትዌሩ እየሠራ ዳታቤዙን በእጅ መገልበጥ የማይከፈት ፋይል ሊያስታቅፋችሁ ይችላል።

ስልካችሁንም አትርሱ። ዛሬ ፎቶው ያለው እዚያ ነው።

ፎልደሩ ላይ በቀኝ ጠቅ፣ ከዚያ «ፕሮፐርቲስ»። ስንት ጊጋባይት እንደሆነ ከጎኑ ጻፉ። ደምሩት። በነገራችን ላይ 2 ኪሎባይት ካላችሁ ምን እንደያዛችሁ ታውቃላችሁ።

አንድ አዲስ ወጥመድ አለ። ዋንድራይቭና መሰሎቹ የኢንተርኔት ማስቀመጫዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ትተው ስሙን ብቻ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያሳያሉ። ከፋይሉ አጠገብ የደመና ምልክት ካያችሁ ፋይሉ እናንተ ጋ የለም። መጀመሪያ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» በሉት፣ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከዚያ ገልብጡ።

ሦስተኛ፦ የሚቀመጥበትን ግዙ

ከደመራችሁት ቢያንስ ሁለት እጥፍ የሚይዝ ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ ዲስክ) ይሁን። የፋይሎቹ የቀድሞ ቅጂዎችም ቦታ ይፈልጋሉ። ለባክአፕ የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ ፍጥነትም አያስቸግርም። ኤስኤስዲን ሞልቶ ለዓመታት ሳይሰኩ መሳቢያ ውስጥ መተው ግን አልመክርም። ሴሎቹ የያዙት ኤሌክትሪክ ቀስ እያለ ይሸሻል፤ በተለይ ያረጀ ከሆነና ሙቀት ካለ። ፍላሽ ከቦታ ቦታ ለመውሰጃ ነው። ብቸኛ ባክአፕ አድርጋችሁ አትመኑት።

ዋጋው ለማመን የሚከብድ 2 ቴራባይት ፍላሽ ካያችሁ አትመኑ። የሐሰት ፍላሾች ለኮምፒውተሩ 2 ቴራባይት ነኝ ብለው ይዋሻሉ፤ በውስጣቸው ያለው ግን ትንሽ ነው። ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋሉ ወይም ወደ ባዶ ይጥሉታል። ስሙ ሁሉ በቦታው ይታያል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩን እስከ አፉ ይሞላውና መልሶ ያነበዋል። አዲስ ነገር በገዛችሁ ቁጥር ባዶ ሳለ በዚህ ፈትኑት።

ፎርማቱ (ዲስኩ ፋይል የሚያደራጅበት ስልት) ላይም አንድ ነገር። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ የምትጠቀሙት ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ከማክ ጋር የምታቀያይሩት ከሆነ ኤክስፋት።

አራተኛ፦ ባክአፑን በራሱ እንዲሠራ አድርጉ

ፒተር ክሮህ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ያስለመደው 3-2-1 የሚባል ሕግ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ዋናው ፋይል ራሱ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ተጨማሪ ሁለት ነው።

የመጀመሪያውን ተጨማሪ ቅጂ ኤክስተርናሉ ላይ እናድርግ። በእጅ እገለብጣለሁ ካላችሁ ሁለት ሳምንት ትሠራላችሁ፣ ከዚያ ትረሳላችሁ። ከራሴ ነው የምናገረው።

ዊንዶውስ ላይ፦ ኤክስተርናሉን ሰኩ። ኮንትሮል ፓናል ክፈቱ፤ ሲስተም ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ፋይል ሂስትሪ። «ሰሌክት ድራይቭ» ብላችሁ ዲስኩን ምረጡና «ተርን ኦን» በሉ። ካልነካችሁት በየሰዓቱ የተቀየረውን ይገለብጣል፤ የቀድሞውንም ቅጂ ይይዛል። አንድ ጉድለት አለው። የሚገለብጠው ዴስክቶፕን እና ላይብረሪ በሚባለው የዊንዶውስ የፎልደሮች ስብስብ ውስጥ ያሉትን ነው። ዲ ድራይቭ ላይ የፈጠራችሁት ፎልደር ካለ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ላይብረሪ ውስጥ አስገቡት። ያለበለዚያ ማንም ሳያስታውሰው ይቀራል።

ማክ ላይ፦ ዲስኩን ሰኩና ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ታይም ማሽንን ፈልጉ። ዲስኩን ስትመርጡለት ብዙ ጊዜ ፎርማት ያደርገዋል፤ በላዩ ሌላ ነገር ካለ ቀድማችሁ አውጡ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻውን 24 ሰዓት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ ይይዝላችኋል። ሲሞላ የጥንቱን ይጥላል።

የመጀመሪያው ግልበጣ ረጅም ነው። 500 ጊጋባይት በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ ሰዓት ከሃያ ገደማ ይፈጃል። አሮጌው ዩኤስቢ 2 ፖርት ላይ ከሰካችሁት ወደ አራት ሰዓት ይሆናል። ፖርቱ ውስጡ ሰማያዊ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፈጣኑ ነው። ትናንሽ ፋይሎች የበዙበት ከሆነ ከዚህም ይረዝማል። ማታ ለቃችሁት ተኙ፤ ብቻ ላፕቶፑ መሀል ላይ እንዳይተኛ ሴቲንጉን አስተካክሉ።

ሲያልቅ «ኢጀክት» ብላችሁ ንቀሉት። ዊንዶውስ የጻፈ መስሎ ገና ያልጨረሰው ነገር ሊኖር ይችላል።

እና በእርግጥ ንቀሉት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ነው የሚታመመው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ወደ 150 አገሮች ደርሶ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ ነበር። እንዲህ ያሉ ቫይረሶች የተሰካ ያገኙትን ኤክስተርናል ሁሉ አብረው ይቆልፋሉ። መሳቢያ ውስጥ ያለውን ግን አያገኙትም። ፋይል ሂስትሪ ዲስኩ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ማታ ማታ ለአንድ ሰዓት መሰካት ይበቃል።

አምስተኛ፦ አንዱ ከቤት ይውጣ

ሌባ ላፕቶፑን ሲወስድ አጠገቡ ያለውን ኤክስተርናል አይተውም። እሳትም ውኃም አይመርጡም። ሁለት መንገድ አለ። ኢንተርኔታችሁ ጥሩ ከሆነ ክላውድ (የኢንተርኔት ማስቀመጫ)። ካልሆነ ሁለተኛ ኤክስተርናል ገዝታችሁ የምታምኑት ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት አስቀምጡ፤ በወር አንዴ ሁለቱን ተለዋወጡ። እኔ ሁለተኛውን እወደዋለሁ። ወር የሚከፈልበት ነገር የለውም፣ ቡናም ያስጠጣል።

ከቤት የሚወጣው ዲስክ በፓስዎርድ ይቆለፍ። ቬራክሪፕት የሚባለው መቆለፊያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ዊንዶውስ ፕሮ ያላቸው ቢትሎከርን ይጠቀሙ። ፓስዎርዱ ከጠፋ ፋይሉም ጠፋ ማለት ስለሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ከዲስኩ የተለየ ቦታ አኑሩት። እግረ መንገዳችሁን ላፕቶፓችሁ ራሱ ቢትሎከር የበራበት መሆኑን እዩ። ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ሳይነግሯችሁ ያበሩታል። ማዘርቦርዱ ቢሞትና ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ላይ ብትሰኩት 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ነው። ዛሬ ገብታችሁ ገልብጡት፤ ያን ቀን አካውንቱም ላይከፈት ይችላል።

ጉግል ድራይቭ እና ዋንድራይቭን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እነዚህ በመሠረቱ የሚያደርጉት ማመሳሰል ነው። እዚህ ስትሰርዙ እዚያም ይሰረዛል። የተሰረዘው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። በ40ኛው ቀን ካስታወሳችሁ አልቋል። እንደ አንዱ ቅጂ ቁጠሩት፤ ኤክስተርናሉን ግን አይተካም።

ሬይድ የሚባለው ዲስኮችን አጣምሮ የማሠራት ዘዴም እንደዚያው ነው። በተለመደው ዓይነቱ ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ነገር ስለሚጽፉ አንዱ ሲሞት ሥራው አይቆምም። በስህተት ስትሰርዙ ግን ከሁለቱም ላይ እኩል ነው የሚሰረዘው።

ስድስተኛ፦ ሪስቶር አድርጋችሁ (ከባክአፑ መልሳችሁ) እዩ

እኔ ያን ፍላሽ አንዴ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ይህን ደረጃ የሚዘሉት ደግሞ እንደኔ ያሉት ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የሚባለው የሶፍትዌር ኮድ ማስቀመጫ ድርጅት አንድ መሐንዲስ ማታ ሲሠራ ተሳስቶ ሥራ ላይ ያለውን ዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘው። 300 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ባክአፕ ፍለጋ ሲገቡ አምስት ዓይነት መንገድ ነበራቸው፤ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። አንደኛው ለካ ባዶ ነበር። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ሳይደብቁ ራሳቸው ነው ያወሩት፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ሙከራው እንዲህ ነው። ኤክስተርናሉን የራሳችሁ ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። የፋይሎቹን ስም ማየት አይበቃም፤ ክፈቷቸው። አንድ የቆየ ፎቶ፣ አንድ ረጅም ቪዲዮ መሀሉ ላይ፣ አንድ ሰነድ፣ አንድ ከሁሉ ትልቁን ፋይል። ከዚያ ዋናው ፎልደር ውስጥ ያለውን የፋይል ብዛትና መጠን ከባክአፑ ጋር አስተያዩ። ዋናው 18,400 ፋይል ካለውና ባክአፑ 11,000 ካለው የሆነ ነገር ተዘልሏል። ፋይል ሂስትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ የቀድሞ ቅጂዎችንም ስለሚቆጥር ብዛቱ ይበልጥ ይሆናል፤ እዚያ «ሪስቶር ፐርሰናል ፋይልስ» በሚለው ገብታችሁ አንድ ፎልደር ወደ አዲስ ቦታ መልሱና እሱን እዩት።

ሰባተኛ፦ ቀጠሮ ያዙ

ኤክስተርናሉ ላይ የተገዛበትን ወርና ዓመት በማርከር ጻፉ። አምስት ዓመት ሲሞላው ደህና ቢሆንም በአዲስ ተኩት፤ አሮጌው ሦስተኛ ቅጂ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ስልካችሁ ላይ በወር አንዴ የሚያስታውሳችሁ ነገር ሙሉ። ስማርቱን እዩ፣ ሦስት ፋይል ክፈቱ፣ በቃ።

እኔ የወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ነው የማደርገው። ባለፈው ወር ከከፈትኳቸው ሦስት ፎቶዎች አንዱ ከወገብ በላይ ደህና፣ ከወገብ በታች ግራጫ ሆኖ መጣ። መጠኑን ከዋናው ጋር ሳስተያየው እኩል ነው፤ ስሙን ብቻ ባይ አይታወቅብኝም ነበር። ኮፒው ሳያልቅ ቸኩዬ የነቀልኩት ቀን ትዝ አለኝ። በዚያ ቀን የተገለበጠውን ፎልደር በሙሉ ሰርዤ ከዋናው ላይ እንደገና ገለበጥኩት። ስድስት ደቂቃ ፈጀ።